እንግዳዋ በለስ

ጎረቤቴ ኾሲያት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰው ሲታመም በአጥር ላይ "ይማርሽ!" ብላ የምታልፍ ሴት ነበረች። እኔ ወገቤን ታምሜ ስተኛ እንኳ ደጄን አልረገጠችም። በለስ ስትታመም ግን ሌላ ሰው ነበረች።

የመጨረሻ ልጇ ኢልኾም ሊያገባ ነው። እዚህ በከተማችን በማርጊላን የመጨረሻ ወንድ ልጅ ሙሽራይቱን ይዞ እናቱ ቤት ነው የሚቀረው፤ ግቢው ውስጥ ክፍል ሊሠራ ሆነ። ክፍሉ የሚያርፈው ደግሞ ሟቹ ባሏ ሶቢር በተጋቡበት ዓመት የተከላት በለስ ላይ። "ትቆረጥ" ያለ የለም፤ ማን ደፍሮ!

"ኦይኒሳ፣ ቤቱ እስኪያልቅ አንቺ ዘንድ ትቆይ" አለችኝ።

"ሙሽራይቱ?"

"በለሷ እንጂ! ሙሽራይቱንማ ማን ይሰጥሻል!"

ቅጠሏ ሲረግፍ፣ ውርጩ እንዳይገድላት በለስን አጎንብሰን አፈር የምናለብስበት ጊዜ ሲደርስ፣ የሰፈር ወንዶች ተጠሩ። ቅርንጫፏን አሳጠሩ፣ ሥሯን ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለው ተሸከሟት። ኾሲያት ከኋላ "ቀስ! ቀስ በሉ!" ትላለች።

ግንበኛው ኤርጋሽ ላቡ እየወረደ "እናቴ፣ በለስ ናት ወይስ ነፍሰ ጡር?" አላት።

"ዝም ብለህ ተሸከም! እናትህ ዘጠኝ ወር ስትሸከምህ እንዲህ አልተነጫነጨችም።"

ግቢዬ ተተክላ፣ አፈር ለብሳ ተኛች። ኾሲያት በየማለዳው መጣች፤ አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ፣ በማግስቱ ልትመልስ። ያን ብርድ ወንፊቴ ከእኔ ይልቅ ብዙ መንገድ ሄደ። ዱቄት ግን አይቼበት አላውቅም።

ፀደይ መጣ፤ አፈሩን ገለጥን። የሰው በለስ ሁሉ ሲያቆጠቁጥ የእሷ ደረቅ እንጨት ሆና ቆመች።

"እማዬ፣ ሌላ ችግኝ እገዛልሻለሁ" አለ ኢልኾም።

"አባትህንም አብረህ ግዛልኛ!"

እሱ ሲወጣ ድምጿ ወረደ። "ሶቢርን ምን እለዋለሁ?" አለችኝ።

ግንዷን በጥፍሬ ጫር አደረግሁት፤ ከሥር አረንጓዴ ነው። "ተኝታ ነው" አልኳት። "የተከላትን ሰው መስላለች፤ ሶቢርስ መቼ በጠዋት ተነሥቶ ያውቃል?"

እያለቀሰች ሳቀች። ብዙም ሳይቆይ ከግንዷ ሥር ቡቃያ ወጣ።

በመጸው ክፍሉ አልቆ በለሷ በሙሽራይቱ መስኮት ሥር ልትተከል ተመለሰች። እኛ ዘንድ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስምና፣ ጆንያው ውስጥ ናና ከነሥሩ ሸጎጥኩላት። ኾሲያት ደግሞ "ጉድጓድሽን ባዶ ትቼ አልሄድም" ብላ ከበለሷ ሥር የበቀለች ቡቃያ ተከለችልኝ።

በቃ፣ ወንፊቴ አረፈ አልኩ። በማግስቱ በሩ ተንኳኳ።

"ወንፊት አለሽ?"

"ትናንት የመለስሽውን?"

በትከሻዬ ላይ አሻግራ ቡቃያዋን እያየች "ልጅቱ ገና ጡት አልጣለችም" አለች።

ኾሲያት ካረፈች ቆየ። ቡቃያዋም አድጋ ጣራዬን አልፋለች። አሁን በማለዳ የምታንኳኳው ምራቷ ናት፤ "አክስቴ፣ ወንፊት ካለሽ?" ትላለች። የራሷ ወንፊት ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሎ በአጥሩ በኩል ይታየኛል። የእኔን አውርጄ እሰጣታለሁ።