ሙሐዲን ዝምታ ሲሠራ

ጎረቤቴ ሙሐዲን ዩሱፍ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ እኔ እናትዓለም ደግሞ ልብስ እሰፋለሁ። ባሕር ዳር ከገበያው ጀርባ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ሱቆች ነው የምንውለው። የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ እሱ የስፌት መኪናዬን ጫጫታ፣ እኔ ደግሞ እሱ ከተበላሸ ዕቃ ጋር የሚያደርገውን ወሬ ስንሰማ እናመሻለን። "ምነው የኔ ጌታ፣ ትናንት እኮ ደኅና ነበርህ!" ሲል ከሰማሁ አንዱ ላፕቶፕ አልነሣ ብሎታል ማለት ነው። ሌላው ጠጋኝ "ይሄ አብቅቶለታል" ብሎ የመለሰውን እሱ ሳምንቱን ሙሉ ሲያባብለው ይከርማል። ትዕግሥቱ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴም ያናድደኛል። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

አባቱ ጋሽ ዩሱፍ በሐይቁ ዳር የደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ አያቱም ቅድመ አያቱም ይህንኑ ሲሠሩ ነው የኖሩት። የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ከሐይቅ ሲመለስ ተጎትቶ ይወጣና ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ቀጥ ተደርጎ ይቆማል። ተኝቶ ያደረ ታንኳ ይበሰብሳል። ከዚህ የተነሣ በዚያ ቤት ተኝቶ የሚያድረው ሰው ብቻ ነው፤ ሰሌኑም መቅዘፊያውም የታጠበው ትሪም ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ያድራል። ሙሐዲን የታንኳውን ሥራ ቢተወውም ይህችን አመል ይዟት መጥቷል። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ እንደ ዘብ ቆሟል። አንድ ቀን የእኔን የመተኮሻ ጠረጴዛ ሳይቀር አጣጥፎ አቁሞልኝ ሄዶ፣ "ማነው ዕቃዬን የነካ?" ብዬ ሰፈሩን አተራምሻለሁ።

ሚስቱ ዘኪያ የወረታ ነጋዴዎች ልጅ ናት። ድምፅዋ ከመልኳ ይቀድማል፤ ገበያ ውስጥ ዋጋ ስትጠይቅ እንኳ ሰው ዞር ብሎ ያያታል። እንጀራዋም በዚሁ ድምፅ ነው። ዐይነ ስውር ተማሪዎች በጆሯቸው እንዲያጠኑ የትምህርት መጻሕፍትን እያነበበች ትቀርጽና አዲስ አበባ ላለ አንድ ማኅበር ትልካለች። የምትቀርጸው እዚያው በሚኖሩባት አንዲት የኪራይ ክፍል፣ ከአልጋው አጠገብ በተረፈችው ቦታ ተቀምጣ ነው።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነበር። ጠረጴዛዋ ጠባብ ስለሆነች ሙሐዲን የጫማ ካርቶን በምታክል ሣጥን ውስጥ ገጣጥሞ የሠራላት ነው። በግንቦት ሙቀት፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሥራ ሲጀመር፣ ያቺ ትንሽ ሣጥን ትግላለች፤ ስትግል ደግሞ ማራገቢያዋ ያጓራል። ማኅበሩ ሁለት ጊዜ የላከችውን መለሰባት፤ "ድምፅሽ ግሩም ነው፤ ከጀርባሽ ግን ንፋስ አለ" እያለ። በመጨረሻው መልእክት ነገሩን ቆረጠው። እስከ ዐርብ የምትልከው ጥሩ ካልሆነ አዲስ አበባ ሄዳ በማኅበሩ ክፍል ውስጥ ማንበብ ይኖርባታል። ሥራው ደግሞ ዓመት የሚፈጅ ነው።

ዘኪያ ሥራዋን ትወዳለች፤ ሙሐዲን ዘኪያን ይወዳል። ከተጋቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው።

"አትሂጂ ማለት አልችልም እትዬ" አለኝ በሱቄ በር ቆሞ። "ያ ሁሉ ልጅ መጽሐፉን ከእሷ እየጠበቀ እንዴት ብዬ? ግን ዓመት ሙሉ ብቻዬን ምን ልሁን?" ዐይኑ ቀልቷል። አንጀቴን በላኝ፤ እኔ ደግሞ አንጀቴ ሲበላ እቆጣለሁ።

"ታዲያ ማራገቢያውን ነቅለህ አትጥለውም?"

"ይቃጠላላ።"

"ኮምፒውተሩን ከክፍሉ አውጣዋ!"

"የት ላውጣው? ግቢው የስንት ቤት ግቢ ነው። ዶሮው፣ ኳሱ፣ ዝናቡ! አስቤበታለሁ፤ በውኃ ነው የማቀዘቅዘው።"

"ውኃና መብራት? በማርያም፣ ይህ ልጅ አብዷል!"

"መኪናስ በውኃ አይደለም ወይ የሚቀዘቅዝ? ውኃው ሙቀቱን ከውስጥ ይዞ ይወጣል፣ ራዲያተሩ ላይ ይበርዳል፣ ፓምፗ መልሳ ታስገባዋለች። ያን ጊዜ አንድ ሰፋ ያለ ማራገቢያ በዝግታ ቢዞር ይበቃል። የምትጮኸው ትንሿ ናት፤ ቶሎ ቶሎ ስለምትዞር።"

ነገሩ ገባኝ፤ ግን እንደገባኝ አልነገርሁትም።

ያዘዘው የውኃ ማቀዝቀዣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ከአንድ ግዙፍ ኮምፒውተር የተፈታ ስለነበር ራዲያተሩ ከሣጥኗ በአውራ ጣት ያህል በለጠ። ሙሐዲን በሣጥኗ ውስጥ ያለውን የመብራት ማከፋፈያ ነቅሎ ወደ ጥግ አዛወረው፤ የሣጥኗን ጠርዝ በሞረድ ሞረደ፤ ጣቶቹ በቆርቆሮ ተቆራርጠው የእኔን ጨርቅ ቁርጥራጭ ሲጠቀልልባቸው ሰነበተ። ቱቦው በጠባቡ ቦታ ሲታጠፍ እየተጨማደደ ውኃ አላሳልፍ አለው። ከፔርሙዝ ሙቅ ውኃ ውስጥ እየነከረ አለስልሶ እንደ ገመድ ቀስ አድርጎ አጠፈው። "ቶሎ በል እንጂ፣ ዐርብ ደረሰ!" ስለው፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እትዬ" አለኝ። ውኃ ለያዘ ሰው ደግሞ ምን መልስ ይሰጠዋል?

ረቡዕ ዕለት የሙከራው ቀን ሆነ። ጋሽ ዩሱፍ ውኃ ያለበት ሥራ እንዴት ሳላየው ይቀራል ብለው ከሐይቁ ዳር መጡ። ሙሐዲን ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ሲያንቆረቁር ሲያዩ ግን ተቆጡ።

"ጣናን የሚያህል ውኃ ደጅህ ተኝቶ ውኃ ትገዛለህ?"

"የሐይቁ ውኃ እዚህ ውስጥ ይሻግታል አባዬ፤ ቱቦውን ይደፍናል።"

"ጣና አይሻግትም!" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ወዲያው ደግሞ መልሰው ጎንበስ ብለው አዩ።

ሥሩ ሶፍት ተነጠፈ፤ አንድ ጠብታ ቢያመልጥ እንዲታይ። ኮምፒውተሩ ሳይበራ ፓምፗ ብቻ ዞረች። ሁለቱ አንገታቸውን አስግገው፣ እኔም የደንበኛ ቀሚስ እጄ ላይ ይዤ፣ ሶፍቱ ላይ አፈጠጥን። እስከ ቀትር ድረስ ደረቅ ነበር።

"ማሻአላህ! አታፈስም፤ ታንኳ ነው የሠራህ!" አሉ ጋሽ ዩሱፍ። "በል እንግዲህ አቁማት። ውኃ የነካው ነገር ይቁም።"

መንገሩም አላስፈለገም። ሙሐዲን ሣጥኗን ቀድሞ አቁሟት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የግቢው ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የሰፋሁትን መጋረጃ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳውን ሸፈንን፣ መስኮቱን ዘጋን። ሣጥኗ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ማራገቢያው መዞሩ በዐይን ካልሆነ በጆሮ አይታወቅም። የሙሐዲን ፊት እንደ ሙሽራ አበራ። ዘኪያ ቢስሚላህ ብላ ስለ ንብ የሚያወራውን ትምህርት ጀመረች። "ንብ ከአበባ ወደ አበባ..."

ቡልቅ።

ቀና ብላ አየችን። እኔ ሆዴ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"ንብ ከአበባ ወደ አበባ እየበረረች..."

ቡልቅ፣ ቡልቅልቅ።

ከሣጥኗ ነው! አንድ የጠማው ሰው ከውስጥ ተቀምጦ ውኃ የሚጎነጭ ይመስላል። በሱቁ ጫጫታ ውስጥ ማን ሊሰማው ኖሯል? መጀመሪያ ዘኪያ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ ሳቋ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ።

"ንፋሱ ይሻል ነበር እኮ" አለች። "ተወው ሙሐዲን፤ እሄዳለሁ። አንተ ከዚህ በላይ ምን ታደርግ?"

ሙሐዲን ጆሮውን ሣጥኗ ላይ ለጠፈ፤ ድምፁ የሚመጣው ከላይ፣ ከፓምፗ በኩል ነው። መፍቻውን አነሣና ክዳኗን ሊከፍት በጎኗ አጋደማት።

ድምፁ ጠፋ።

መልሶ አቆማት፤ ቡልቅ አለ። አጋደማት፤ ዝም። አቆማት፤ ቡልቅልቅ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"አየሩ ነው" አለ። "ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ወደ ላይ ይሸሻል። ቁማ ሳለች ከላይ ያለችው ፓምፗ ናት፤ አየሩን እሷ ትጎነጫለች። ስትተኛ ግን ራዲያተሩ ከላይ ይሆናል፤ አየሩ እዚያ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። ምንም አልተበላሸም እኮ! እኔ ነኝ ያቆምኋት!"

"ታዲያ አስተኛት!" አልኩት።

እጁ ሣጥኗ ላይ ደርሶ ቆመ። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ያ ጣቱ እስኪደማ የታገለ ልጅ ማስተኛቱ ጨነቀው! "ውኃ ያለበት ዕቃ ተኝቶ..." አለ እየተንተባተበ። "አባዬ ቢያዩት..."

"አባትህን እኔ እችላቸዋለሁ፤ አስተኛት ብዬሃለሁ!" ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴ ከተቀረጸ እስካሁን ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ።

ቀስ አድርጎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያጋድም ሰው፣ አስተኛት። ከዚያ በኋላ የመጣው ዝምታ ደረቅ ምራቄን መዋጥ እስካፍር ድረስ ነበር። ዘኪያ ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። ንቧ ከአበባ ወደ አበባ በረረች፣ ወደ ቀፎዋ ገባች፣ ማሩን አኖረች፤ በመካከል ማንም ውኃ አልጎነጨባትም። እኔ ከመርፌና ከክር በቀር ስለ ሌላ ነገር ማንበብ የማልወድ ሰው፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ቅር አለኝ።

የተቀረጸው ዐርብ ተላከ። በዚያው ቀን ከጁምዓ በኋላ ጋሽ ዩሱፍ ሊጠይቁ መጥተው ጠረጴዛው ላይ የተጋደመችውን ሣጥን አዩ።

"ማነው ያስተኛት?"

"እትዬ ናቸው" አለ ያ ከሃዲ።

"ጋሽ ዩሱፍ፣ ይቺ ተኝታ ነው የምትሠራ" አልኳቸው። "ስትቆም ታጉረመርማለች። አንዳንድ ሰውም እንዲህ ነው፤ እርስዎ ያውቁ የለ?"

ትንሽ አሰቡ። "እንዲያ ከሆነ ሰነፍ ናት" አሉና ጫማቸውን ፈለጉ። ደጅ ሲደርሱ ግን ለልጃቸው ብቻ እንዲሰማ፣ "እጅህ ይባረክ" ሲሉት ጆሮዬ ሰማ።

ሰኞ እስኪደርስ ሙሐዲን ሰው አልነበረም። አንዱን ላፕቶፕ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጠመው፤ አንድም ቃል አላናገረውም። እኔም የአንዲት ደንበኛ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ከቀትር በፊት ዘኪያ ስልኳን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። "አብረን እንስማው፤ ብቻዬን አልቻልሁም" አለች። ሙሐዲን ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ መልሶ ተነሣ። እሷ ከፈተችው።

የማኅበሩ ሴትዮ ድምፅ ነበር። "ወይዘሮ ዘኪያ፣ እንዴት ነሽ? የላክሽው በጣም ጥሩ ነው፤ ከጀርባሽ አንድም ነገር አይሰማም። ለመሆኑ የትኛው ስቱዲዮ ነው የተቀረጽሽው? እዚህ የኛ ክፍል የመንገዱ ጫጫታ አስቸግሮናል። ሌሎች ሁለት አንባቢዎች ወደ ባሕር ዳር ብንልክ ይቀበሏቸው ይሆን?"

ሙሐዲን፣ "እንደገና አሰሚኝ" አለ። እንደገና ሰማን። በሁለተኛው ላይ ዕንባው ፈሰሰ፤ አልደበቀም። እኔም አልደበቅሁም፤ ደስ ሲለኝ ምን አስደበቀኝ?

"ሁለት ሰው አያስገባም" አለ በመጨረሻ ፊቱን እየጠረገ። "እንግዳው ሲመጣ አልጋው መውጣት አለበት።"

"አልጋው ይውጣ!" አለች ዘኪያ። "እኔ ግን የትም አልሄድ!"