አረንጓዴው ሰንዱቅ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበር። መተማ ዮሐንስ የወረድኩት እንደ ማንኛውም ሳሉግ፣ እንደ ወቅት የቀን ሠራተኛ፣ ለሰሊጥ አረም ነው። ወባ ጣለኝና እርሻ ላይ መቆም ሲያቅተኝ፣ ከተማው ዳር ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሄጄ ሥራ ጠየቅሁ። ባለቤቱ አያ ታደለ ይባሉ ነበር። እጄን ገልብጠው አዩና፣ «ኸየት ነሽ?» አሉኝ። ከጎጃም መሆኔን ነገርኳቸው። «ጎጃሜ አረም ትችላለች። ይኸም ያው ነው፤ ያልተፈለገውን ማንሳት ነው» ብለው አንድ ነጭ የተቀባ ቁምሳጥን አሳዩኝ።

ቁምሳጥኑን ወተት አስመስዬ አወጣሁት። እኔ ኮርቼ ቆሜ ሳለ አያ ታደለ መጡና ጠርዞቹን እንጨቱ እስኪታይ ፋቁት። ቀጥለው ከጣሳ ጥቁር ነገር በጨርቅ ጠቅሰው ፊቱ ላይ አሹት። ጮህኩ። «ኧረ አያ ታደለ፣ ምነው? ሰው የለፋበትን!» አልኩ። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «አዲሱንማ ማንም ይሠራዋል። ገዥው የሚፈልገው አሮጌ ነው» አሉኝ።

ጣሳው ውስጥ የነበረው ጥቁር ሰም ነው። የንቡ ሰፈፍ ከቋራ፣ ከገለጉ በኩል ይመጣል። ጣሳውን የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጠን እናቀልጠዋለን፤ ከእሳቱ ካራቅነው በኋላ የቀለም ማቅጠኛውን አኳራጅ እንጨምርበታለን፤ ከዚያ ቡኒ የቀለም ዱቄትና ጥቂት ጥላሸት። ቀለም ያልገባበት ንጹሕ ሰምም ለብቻው ይሠራል። ቀለም ላይ መጀመሪያ የሚቀባው ንጹሑ ነው። ጥቁሩ ቀድሞ ካረፈ ቀለሙ ጠጥቶት ይቀራል፤ ንጹሑ ከቀደመ ግን ጥቁሩ የበዛበትን ቦታ እንደገና በጨርቅ ንጹሕ ሰም ጠቅሶ ማንሳት ይቻላል።

ቆላ ላይ ሌላም ነገር አለ። ፀሐይ ከበረታ ሰሙ አይደርቅም። ወደ ኮኪት የሚሄድ መኪና አቧራውን አስነስቶ ሲያልፍ ደግሞ ያ አቧራ እንዳለ ይለጠፍበታል። ስለዚህ ሰም የምንቀባው በማለዳ፣ ቆርቆሮው ሳይግል ነው። አንዴ አንድ ሠራተኛ ቀን ላይ ቀብቶ ውጭ አቆመውና ቁምሳጥኑ የሰሊጥ ገለባ ለብሶ ተገኘ። አያ ታደለ፣ «ይኸንስ አውድማ ላይ ነው የሚሸጡት» ብለው አሳቁን።

ደንበኞቻችን በብዛት የሰሊጥ ባለሀብቶችና የጎንደር ሆቴል ቤቶች ነበሩ። አንዱ ባለሀብት መጥቶ፣ «የአያቴ የሚመስል ቁምሳጥን ሥሩልኝ» አለ። አያ ታደለ፣ «አያትህ ቁምሳጥን ነበራቸው?» ሲሉት፣ «ኧረ እሳቸውስ አገልግል ነው የነበራቸው» አለና ራሱም ሳቀ። ሠራንለት። እንግዳ ሁሉ እየነካ «የድሮ ዕቃ!» ሲል ባለቤቱ ዝም ይላል አሉ። እንዲህ ያለው ውሸት ማንንም አይጎዳም ብዬ አስብ ነበር።

አያ ታደለ ያስተማሩኝ ትልቁ ነገር ጥቁሩን ሰም የት እንደምተወው ነው። «እርጅና በሁሉም ቦታ እኩል አይመጣም። እጅ የደረሰበት ይላጣል፣ እጅ ያልደረሰበት ይጠቁራል» ይሉኝ ነበር። እያደር እጄ ለመደ። ሰው አሮጌ ነገር ሲፈልግ፣ «የሺን ጥሯት» ማለት ጀመሩ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር ድንበሩ በሰው ሞላ። ከእነዚያ አንዷ ኢኽላስ የምትባል ሴት ነበረች። ቀደም ሲል በመተማ በኩል ትነግድ ስለነበር አማርኛ ታውቃለች። እናቷን ይዛ ተሻግራ፣ ከሥራ ቤታችን ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ነበር። አንድ ቀን መጥታ፣ «ያ ኡስታ፣ ሰንዱቅ ትሠሩልኛላችሁ?» አለች አያ ታደለን፤ ኡስታ ባለሙያ ማለት ነው።

እናቷን ሁላችንም ሐቦባ ነበር የምንላት፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። የመርሳት ሕመም ይዟት ልጇንም አንዳንዴ ትስታለች። ያልረሳችው የሠርጓን ሰንዱቅ፣ የልብስ ሣጥኗን ብቻ ነው። ቤታቸው ሲቃጠል አብሮ ቀርቷል። «ሌት ተቀን ሰንዱቄ የት ነው ትላለች። እህል እንቢ አለች። አግኝተነዋል ብዬ ባስቀምጥላት ትረጋ ነበር» አለች ኢኽላስ፤ ማልቀስ ጀመረች።

ሥራውን እኔ ያዝኩት። ኢኽላስ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። አረንጓዴ ነው፤ ክዳኑ ላይ ቢጫ አበባ አለው። ጠርዞቹ ተልጠዋል። እናቷ ክዳኑን የምትከፍተው በግራ እጇ ስለነበር በዚያ በኩል እንጨቱ ወጥቷል። መቆለፊያው ዙሪያ ጠቁሯል። «እኔ ሳውቀው እንዲህ ነበር» አለችኝ። ኢኽላስ የመጨረሻ ልጅ ናት። ይህን ያኔ ሰምቼው አለፍኩ።

እንደዚያ ሰንዱቅ የተጨነቅሁበት ሥራ የለም። አረንጓዴውን የማያብረቀርቅ አድርጌ ቀባሁት። ጠርዞቹን ፋቅሁ፤ በግራ በኩል አብዝቼ። ንጹሕ ሰም፣ ከዚያ ጥቁር ሰም። መቆለፊያው ዙሪያ ጥቁሩን ተውኩት፣ አበባው ላይ ጠረግሁት። ኢኽላስ ስታየው አፏን በእጇ ያዘች። «ራሱ ነው! ወላሂ ራሱ ነው!» አለች። አያ ታደለም ዞረው አዩትና፣ «ከእንግዲህ የማስተምርሽ የለኝም» አሉኝ።

ተሸክመን ወሰድንላት። ሐቦባ በገመድ በተጠለፈው አልጋዋ በአንገረቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰንዱቁን ስታይ ተነሣች። ዳሰሰችው፤ አሸተተችው። ከዚያ ፊቷ ተለወጠና በዐረብኛ መናገር ጀመረች። የድንበር ዐረብኛዬ ለዚያ አላነሰኝም፤ የምትለው ይገባኛል።

«ይህ የማን አሮጌ ነው? የእኔ አዲስ ነው። አባቴ ትናንት ነው ከገዳሪፍ ገበያ ያመጣልኝ። ማን ለወጠብኝ?» ትላለች።

ኢኽላስ፣ «እናቴ፣ ያንቺው ነው፤ እይው እስቲ» አለቻት። ሐቦባ ግን የልብሷን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክራ ማጠብ ያዘች። ውኃው ሰሙ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ጥቁሩ አይለቅም። አሮጊቷ እንደ ተቀማች ልጅ አለቀሰች። ለካ ኢኽላስ የምታውቀው የእናቷን አሮጌ ሰንዱቅ ነው፤ ሐቦባ የምትፈልገው ደግሞ የሙሽርነቷን ነው። እኔም ሆንኩ አያ ታደለ ወይም ኢኽላስ፣ አንዳችንም ያን አላሰብንም።

ሮጬ ንጹሑን ሰም አመጣሁ። ጨርቅ ሰጠኋትና አብረን ማንሳት ጀመርን። ጥቁሩ እየለቀቀ አረንጓዴው ብቅ ሲል ሐቦባ ለቅሶዋን አቆመች። እየሳቀች አየችኝ፤ «ጎበዝ ልጅ» አለችኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መናገር አልችልም። ከዚያ እጇ የተፋቀው ጠርዝ ላይ ደረሰ። ጣቷን ባዶ እንጨቱ ላይ አቆመች። «ማን ነው የላጠው?» አለች። ሰም ሰምን ያነሳል እንጂ የተፋቀ ቀለም አይመልስም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ሰም የነካው እንጨት ላይ ደግሞ አዲስ ቀለም ቢቀቡት አይይዝም።

ለአያ ታደለ ነገርኳቸው። የሌላውን ትእዛዝ ሁሉ አቁመው ለራሳቸው ያስቀመጡትን የዋንዛ ጣውላ አወጡ። «ኸሁሉ በፊት የእሷን» አሉ። አዲሱ ሰንዱቅ ቶሎ አለቀ። የሚያብረቀርቀው አረንጓዴ ቀለም ግን መተማ ውስጥ አልተገኘም። ከጎንደር እንዲመጣ ላክን። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘጋ።

አያ ታደለ፣ «ሰማያዊ አለ፤ ሰማያዊ ቀብተን ብንሰጣትስ?» አሉኝ። «አይሆንም አያ ታደለ፣ ቀለሙንማ አትስተውም» አልኳቸው። «አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው ተዉት። ዛሬም ስለዚያ ሳስብ፣ ሰማያዊውን ብንወስድላት ኖሮስ እላለሁ። መልሱን አላውቀውም፤ አለማወቄ ነው የሚያብሰለስለኝ።

ኢኽላስ በየጊዜው ብቅ እያለች፣ «ዛሬም ጠየቀች» ትለኝ ነበር። በኋላ በኋላ መምጣቷን ቀነሰች። መንገዱ ሲከፈት ቀለሙ ገባ። አቧራ እንዳይነካው በር ዘግቼ ቀባሁት። ቢጫውን አበባ ሣልኩበት። ሰም የሚባል ነገር አላስነካሁትም። እንደ መስተዋት ፊት ያሳይ ነበር።

ስንገባ ሐቦባ አንገረቡ ላይ ተኝታለች፤ ከስታለች። ሰንዱቁን አየችና ፊቷ በራ። «ማሻአላህ!» አለች። ኢኽላስ ደግፋ አስቀመጠቻት። ክዳኑን፣ አበባውን፣ ጠርዙን ዳሰሰች። እኔ ዓይኔን ጠርዙ ላይ ተክዬ ነበር። ለስላሳ ነው፤ አለፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሙሽራዋ ማን ናት?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ እንጂ እናቴ» አለች ኢኽላስ።

ሐቦባ ሳቀች። አፍራ ፊቷን በልብሷ ሸፈነች። «እኔ? እኔ እኮ ገና ትንሽ ነኝ» አለች። ቀጥላም እናቷ ከገበያ መቼ እንደምትመለስ ጠየቀችኝ። ኢኽላስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «መጣች፣ አሁን ትደርሳለች» አልኳት። ሰንዱቁ የደረሰላት ሙሽርነቷንም ከረሳች በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሰንዱቁን እግሯ ሥር አስቀመጥነው። ከዚያ በኋላ ማንም እንዲከፍተው አልፈቀደችም፤ ኢኽላስ ልብስ ልታስገባ ስትል እንኳ እጇን ትይዛታለች። «ተይው፣ የሰው ነው። ሙሽራዋ ትመጣለች» ትላለች። እስክታርፍ ድረስ ባዶውን ጠበቀችው።

አያ ታደለ በእርጅና ሥራውን ትተዋል፤ አሁን እኔ ነኝ የማሠራው። አሮጌ አስመስይልኝ የሚል ሰው ዛሬም ይመጣል፤ እሠራለሁ። ነገር ግን ዕቃው የሚሠራው ለሌላ ሰው ከሆነ ያን ሰው ሳላነጋግር ጠርዝ አልፍቅም። ዕቃውን የሚያውቀው አዲስ ሳለ ይሁን ካረጀ በኋላ፣ ራሱን እጠይቀዋለሁ። ያዘዘው ሰው የሚነግረኝ የራሱን ትዝታ ነው።