ታቹን ማን ይያዝ

ባለፈው ሳምንት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ውኃ በፈረቃ ሲለቀቅ የሰፈራችን ተራ ለሁለተኛ ጊዜ ስለተዘለለ ልቆጣ ነው። «እባክዎ ይጠብቁ» አሉና ሙዚቃ ለቀቁብኝ። ከላይ ቀጫጭን ድምፆች ይሯሯጣሉ፤ ከታች አንድ ወፍራም ድምፅ ያንኑ እርምጃ ይደጋግማል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ እንደገና አንድ። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ተዘጋብሽ እንዴ?» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። የግራ እጄ ጣቶች ሳላዛቸው የስልኩን ጀርባ ይጫኑ ነበር።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ሸዋ ሮቢት በቀበሌያችን ኪነት ከበሮ እመታለሁ። አንድ ጥቅምት፣ ሄልጋ የምትባል መምህርት ከምሥራቅ ጀርመን መጥታ ዐሥር ቀን ታሠለጥናችኋለች ተባለ። የሰልፍ መዝሙር ልታስተምረን መስሎን ነበር። እሷ ግን የእንጨት ዋሽንቶችና አንድ ትልቅ ሣጥን ይዛ ወረደች። ሣጥኑ ሲከፈት ማሲንቆ የሚመስል፣ ግን ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሆነ ነገር ወጣ።

አስተርጓሚው ጋሼ ታደሰ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «ይሄ ቼሎ ነው። ሙዚቃው ባሮክ ይባላል፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በነገሥታት ቤት ይጫወቱት የነበረ» አሉ። የኪነቱ ኃላፊ ነገሥታት ሲባል ፊቱ ተለዋወጠ። ጋሼ ታደሰ ቶሎ ብለው «የሚጫወቱት ግን ጭቁኖች ነበሩ» ብለው ጨመሩበት።

የቆላው ሙቀት ክሩን ያላላዋል። ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ የደሴ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አዳራሹ እየተንቀጠቀጠ፣ ሄልጋ ጆሮዋን ክሩ ላይ ለጥፋ ታጠብቃለች። ለአንድ ድምፅ ሰው ይህን ያህል ሲጨነቅ አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ አያታለሁ።

ሰባት ነበርን። ለስድስቱ ዋሽንት ተሰጠ፤ ክንዷ በወንጭፍ የጠነከረ ነው ተብሎ ቼሎው ለእኔ ደረሰ። ጉልበት መሃል ስለሚያዝ ሰፊ ሽርጥ ታጥቄ ተቀመጥኩ። ሄልጋ አራት ድምፅ አሳየችኝና እነሱን ብቻ ደጋግሚ አለች። ሌሎቹ ላዩ ላይ ይበራሉ፤ እኔ አራት ድምፅ። ከሁሉም ጎበዟ አልማዝ «ዘሃራ ወፍጮዋ! አትቁሚ፣ እህሉ አላለቀም!» እያለች ታስቅብኛለች።

በአራተኛው ቀን ተነሣሁ። «ጋሼ ታደሰ፣ ይጠይቁልኝ። እኔ ከማን አንሼ ነው?»

ሄልጋ አልተቆጣችም። ደጋኑን ከእጄ ወስዳ ልጆቹን ተጫወቱ አለቻቸው። ሦስት ዙር ሳይሄዱ ተበታተኑ።

«የቆሙት ባንቺ ላይ ነው ትላለች» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«ማባበያ ነው» አልኩ።

ማሽላው እሸት የያዘበት ጊዜ ነበር። ከሥልጠናው ስወጣ ፓፓያ ይዤ ወደ ማሳችን ሄድኩ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ እህቴ መዲና ማማው ላይ ወፍ ትጠብቃለች። አጠገቧ ወጥቼ በደሌን ዘረዘርኩ፤ አራት ድምፅ፣ ወፍጮ፣ አልማዝ። ፓፓያውን ሳትነካ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «ነገም ትሄጃለሽ?» አለችኝ። በሹክሹክታ ነበር። ድምፅዋ የለም። ለአራት ቀን የእኔንም ተራ ጨምራ ወፍ ላይ ስትጮህ ከርማለች። እኔ ስለ ፍትሕ ሳወራ ጆሮዬ አልሰማም ነበር።

በማግስቱ፣ «ጋሼ ታደሰ፣ ወንፈል ምን እንደሆነ ይንገሯት» አልኩ። እኛ ጋ ዛሬ ያንተን ማሳ ካጨድኩልህ ነገ የእኔን ታጭድልኛለህ። «ታቹ ያን ያህል ዋና ከሆነ ሁላችንም እንልመደው። እኔ እንደያዝኩላቸው ይያዙልኝ።»

ሄልጋ ሦስት ጊዜ አስደግማ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባታችንም ላዩንም ታቹንም በተራ ተማርን። እኔም ጠዋት ሥልጠና፣ ከሰዓት ማማ ላይ። ለመዲና በዋሽንት ላዩን ስጫወት ታያለሽ ብዬ ቃል ገባሁላት።

የመዝጊያው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ልንወጣ ስንል ኃላፊው ወረቀት አነበበ። «ዘሃራ ቼሎ ላይ ትቆያለች። እንግዶች አሉ፤ መቀያየር የለም።» ተከራከርኩ። ጋሼ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ዘመን የተነበበ ወረቀት አይመለስም። መዲና ፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ እሷ እንድትመጣ አባታችን ራሱ ወንጭፍ ይዞ ማማው ላይ ወጥቷል።

ጀመርን። ዋሽንት ልይዝ የነበረበት ተራ ሲቃረብ ላቆም ወሰንኩ። እኔ ካቆምኩ እንደሚበተኑ አውቃለሁ፤ ይበተኑ አልኩ። ወላሂ፣ እጄ ግን እምቢ አለ። ልጆቹ ምን አደረጉኝ?

በዚህ መሃል አልማዝ ዋሽንቷን አውርዳ፣ ኃላፊውን ሳታይ መድረኩን አቋርጣ መጣች። «ተነሽ ወፍጮዋ» አለች በቀስታ። «ተራዬ ነው።»

ስንቀያየር ታቹ ተቋረጠ። የእኛ የይፋት ሰው ግን በመንዙማ ያደገ ነው፤ መሪን ያለ ተቀባይ መተው አያውቅም። ሕዝቡ ያንን ዙር በጭብጨባ ያዘልን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ የአልማዝ ደጋን ክሩ ላይ አረፈ። እኔ ዋሽንቷን ነፋሁ። ሁለት ቦታ ስቻለሁ። መዲና በተመለሰው ግማሽ ድምፅዋ እልል አለች። ኃላፊው እንግዶቹን አየ፤ ሲያጨበጭቡ አጨበጨበ።

በማግስቱ ቼሎው በሣጥኑ ገብቶ ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ሄደ። ዳግም አልነካሁትም። ግን እስከ ዛሬ ሙዚቃ ስሰማ ጆሮዬ ላዩን ትቶ ታቹን ይፈልጋል። ማን ይዞታል? የእሱስ ተራ መቼ ነው?

ስልኩ ተነሣ። «ሄሎ እናቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ሙዚቃውን መልሰው ልጄ» አልኩት። «ዙሩን ይጨርስ። ከዚያ ስለ ተራችን እንነጋገራለን።»