ከዘንገና የመጣው ባሌስትራ

ቢሻው በዳንግላ ከተማ መካኒክ ነበር። ያን ጊዜ ሌላ መካኒክ ስላልነበረ የትኛው ቢሻው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በጣልያን ዘመን ገና ጎረምሳ ሳለ ለመንገድ ሥራ ካምፕ ውሃ ሲያመላልስ ከመኪና ጋር ተዋወቀ። ጣልያን ሲወጣ ካምፑ ፈረሰ፤ እሱ ግን መፍቻዎቹን ይዞ ዳንግላ ገባና ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ከፈተ። ወሬ አይወድም። መኪና ሲመጣለት ሞተሩን ከማየቱ በፊት ራቅ ብሎ ይቆምና አቋሟን ያያል። ጎማዋና የጎማ መከለያዋ መሃል ያለውን ክፍተት አይቶ ስንት ሰው እንደጫነች፣ የቱ ጎኗ እንደደከመ ይናገራል። ሰዉ ይገረም ነበር፤ እሱ ግን መኪና ክብደቷን መደበቅ አትችልም ይል ነበር።

በ1953 ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ ሙሄ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ከባሕር ዳር አንዲት ጥቁር የቤት መኪና ገዝቶ መጣ። የጣልያን ሥሪት ናት፤ አፍንጫዋ ረዘም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ ለሩጫ ተብላ የተሠራች። ሞተሯ ዕድሜ ያልተሰማው ነበር። ፍሬኗ ግን ደጋግመው ካልረገጡት አይዝም፤ የኋላ ባሌስትራዋም ከመድከሙ የተነሳ ሁለት ሰው ሲሳፈርባት ሆዷ መንገዱን ይፍቃል። ሙሄ በዚያች መኪና ከዳንግላ ቡሬ ሰው ሊያመላልስ አስቧል። አዲስ ዕቃ ከአስመራ ማስመጣት ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት፣ ቢሻው እዚሁ በሚገኘው ነገር እንዲያበጃት ለመነው።

ቢሻው በፍሬኑ ጀመረ። ከአሮጌ የጭነት መኪና የወለቀ ወፍራም የፍሬን ሸራ አገኘና በልኳ ሞርዶ፣ በመዳብ ምስማር መታው። የዘይት ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ አወጣና አጠበ። ዘይቱን የሚያሽገውን ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ ብቻ አዲስ አስገዛ፤ በጎሚኒ አይቀለድም አለ። ሲጨርስ ቁልቁለት ላይ ለቀቃትና አንዴ ብቻ ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

የቀረው ባሌስትራው ነው። ባሌስትራ ተነባብረው የታሰሩ ዝርግ ብረቶች ናቸው፤ ደካማውን ለማበርታት ጠንካራ ብረት መጨመር ነው። ብረቱ የት እንዳለ ደግሞ ቢሻው ያውቃል። ከእንጅባራ አለፍ ብሎ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ ከመንገዱ ሥር ጫካው ውስጥ፣ በጣልያን ጊዜ የተገለበጠች አነስተኛ የጭነት መኪና ነበረች። አንድ ነገር ግን ያስገርመዋል። ሰው የተሰበረ ማረሻ እንኳ ከመሬት አንስቶ በሚወስድበት አገር፣ ከዚያች መኪና ላይ ማንም አንድ ቡሎን አልነቀለም።

ጫካውን ተጠግተው የሚያርሱ ውዱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቢሻው መጀመሪያ እሳቸውን ሄዶ አነጋገረ።

«አያ ውዱ፣ ይህ ብረት የማን ነው? አስፈቅጄ ልውሰድ ብዬ ነው የመጣሁ፤ እርስዎ ያውቁ እንደሆን።»

«የነሱ ነው» አሉ ሽማግሌው።

እነሱ ማለት በዚያች መኪና የነበሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ጣልያን ከሩቅ አገር አምጥቷቸው መንገዱን ያሠራቸው ነበር፤ አውኝም አማርኛም አይናገሩም። ከሥራ እንጅባራ መግቢያ ወዳለው ካምፓቸው ሲመለሱ ጉም የዋጠው ቀን ነበርና መኪናዋ መታጠፊያውን ስታ ወረደች። ከጫካው የተገኙት ተቀበሩ። ሐይቁ ውስጥ የገቡት ግን አልወጡም። ውዱ ይህን ሁሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ፤ ብረቱን አትንካ ግን አላሉትም። ከብቶቻቸው በዚያ በኩል እንደማይግጡ ብቻ ነገሩትና ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

ቢሻው ገብቶ ባሌስትራውን ፈታ። ያን ያህል ዘመን ዝናብ የመታው ብረት ነውና ቡሎኑ እንደሚያስቸግረው ገምቶ ነበር፤ በእጁ ዞረለት። በብረቶቹ መሃል ያለው ግራሶ እርጥብ ነበር፤ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበር። በኋላ ሲያስበው ግን ደስታው ይገርመው ነበር።

ሁለት ጥንድ ብረት አወጣ። አንዱን ጥንድ በግራና በቀኝ ጨመረ፤ ሁለተኛውን ለመጠባበቂያ አስቀመጠ። የቀኙ ብረት ረዝሞ አልገባ ስላለው ጫፉን በብረት መጋዝ፣ በሴጌቶ፣ ቆረጠና ቁራጩን ለጎረቤቱ ቀጥቃጭ ለውቤ ሰጠው። መኪናዋ ቀና አለች።

መጀመሪያ ብቻውን ሊሞክራት ቡሬ ድረስ ነዳት። እንደ ሰጋር በቅሎ ተመቸችው። ሲመለስ ዘንገና አካባቢ ጉም ወረደ። ቀኑ ገና ነበር፤ ጉሙ ግን ከመኪናዋ አፍንጫ አልፎ አያሳይም። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እግሩ ነዳጁ ላይ እያለ የፍሬኑ ፔዳል ብቻውን ወረደ። መኪናዋ ቆመች። ቢሻው ፔዳሉን ቁልቁል ሲያይ፣ መኪናዋ በቀኝ በኩል ከኋላ ዝቅ አለች፤ ቀጥሎ በግራ። በር አልተከፈተም።

ባሌስትራው ተሰብሮ ነው ብሎ ወረደ። ከጎማው በላይ ቅድም ጭብጡን የሚያስገባው ክፍተት አሁን መዳፉን አላስገባ አለው። ከሥር ተኝቶ ቢያይ ሁሉም በቦታው ነው፤ የተሰበረ የለም። ብረቱ ጭነት እንደያዘ ተለጥጧል። ተነሥቶ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ፔዳሉ ግን ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ገብቶ በቀስታ ነዳ። እንጅባራ ሊገባ ሲል፣ የፈረሰው የሠራተኞቹ ካምፕ የድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ሲደርስ፣ መኪናዋ በግራ በቀኝ ወዝወዝ አለችና ቀለለች።

ለማንም አልተናገረም። ብረቱ ደካማ ሆኖ ይሆናል ብሎ ራሱን አሳመነና ሁለተኛውን ጥንድም ጨመረ። በማግሥቱ የገበያ ሰው ጭኖ ሄደ። ሲመለሱ መታጠፊያው ጋ ያው ሆነ፤ ፔዳሉ ወረደ፣ መኪናዋ ቆመች፣ ሰመጠች። ይህን ጊዜ የሰመጠችው ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ ወደ ባዶው ጥግ ዞራ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ እንጂ አለች። እንጅባራ ሲደርሱ መንገዷ ገና ቢሆንም ወርዳ በእግሯ ሄደች።

ቢሻው ያን ጊዜ ገባው። መኪናዋን ባበረታት ቁጥር የሚሳፈረው ይበዛል።

ለሙሄ ሲነግረው ሙሄ አልሳቀም፤ አላመነምም። እኔው ራሴ ልሂድ አለ። ሁለቱ ብቻ ሆነው ሄዱ። ሲመለሱ ጉም አልነበረም፤ ጀምበር ወጥታ ዛፎቹ አንድ በአንድ ይታዩ ነበር፤ በዛፎቹም መካከል የሐይቁ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሙሄ ዓይኑን ከቢሻው እግር ላይ አልነቀለም። ፔዳሉ ሲወርድ አየ። ከዚያ መኪናዋ መስመጥ ጀመረች፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ደግሞ በቀኝ፣ ሰው እየተራመደ እንደሚገባባት። በመጨረሻ ሆዷ መሬቱን ነካ።

ሙሄ ወደ ኋላ ሳይዞር ጠየቀ።

«ቢሻው፣ ስንት ሰው ነን?»

«ሁለታችን ብቻ ነን፣ ጋሽ ሙሄ።»

«መኪናዋስ ምን ትላለች?»

ቢሻው የመሪውን መወላገድ በእጁ ሰምቶ ነበር። «ሞልታለች» አለ።

ሙሄ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቁርዓን መቅራት ጀመረ። ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ተጓዙ። ከኋላቸው ድምፅ አልነበረም፤ ግን የእርጥብ ልብስ ሽታ መኪናዋን ሞላት፤ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ላበ። የካምፑ ግድግዳ ጋ ሲደርሱ ቢሻው ሳይታዘዝ አቆመ። መኪናዋ ቀስ እያለች፣ በየተራ፣ ቀና ቀና አለች።

ዳንግላ ሲገቡ ሙሄ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ብረታቸውን መልስላቸው» አለ።

ቢሻው ብረቶቹን ፈትቶ፣ የመኪናዋን የቀድሞ ባሌስትራ በቀጥቃጩ እሳት አስግሎና አስጎብጦ መለሰላት። እንደ ዘንገናው ባይሆንም ጥቂት ሰው ትችላለች። ብረቶቹን በአህያ አስጭኖ ዘንገና ወረደ። አስቀድሞ ልኮባቸው ነበርና ውዱ አንድ ቄስ ይዘው ጠበቁት። ቄሱ ጸሎቱን ሊያደርሱ ሲሉ የሞቱትን ስም ጠየቁ። ውዱ ቢሻውን አዩት፤ ቢሻው መሬት አየ። የሚያውቅ አልነበረም። ቄሱ ጥቂት ቆዩና ስሙ በሚጠራበት ቦታ ሁሉ ዝም እያሉ አለፉ። ቢሻው በኋላ ሲናገር፣ በዕድሜው ሁሉ ከሰማው ያን ዝምታ ያህል የከበደው ነገር እንደሌለ ይናገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ብቻውን ወርዶ አያውቅም። ሙሄ ደስ አለው፤ ሰው መጫን ጀመሩ። ቢሻው ግን ራቅ ብሎ ሲያያት፣ ባዶዋን ቆማ እንኳ የኋላ ቀኟ ዝቅ ያለ ነው። ባሌስትራውን ቀየረ፣ ግራውን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ጎማ ለወጠ። ያው ነው። የአንድ ሰው ክብደት፤ ያውም የቀጭን ሰው።

ያን ጊዜ የቆረጠው ጫፍ ትዝ አለው። ወደ ውቤ ሮጠ። ውቤ ቁራጩን ማጭድ አድርጎ ግምጃ ቤት በሚባለው ከተማ ገበያ ሸጦታል፤ ለማን እንደሸጠው ግን አያስታውስም። ቢሻው ብዙ ገበያ ወጣ፤ የገበሬውን ሁሉ ማጭድ እያየ ዞረ። ሰዉ ነካ አድርጎታል ብሎ ማውራት ጀመረ። አላገኘውም።

ሚስቱ ሽታዬ ነገሩን አታውቅም ነበር። አንድ ቀን አዲስ ቅዳም ከተማ ዘመድ ልትጠይቅ አብራው ሄደችና ከኋላ በቀኝ በኩል ልትቀመጥ በሩን ከፈተች። ከፍታ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችውና ዞራ በግራ በኩል ገባች። ቤት ሲመለሱ፣ «ልጅ እግር ነው መሰለኝ» አለች። «ይበርደዋል።»

በማግሥቱ አሮጌ ጋቢ አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረች። ቢሻውም ያን ቦታ ሰው ማስቀመጥ ተወ። ተሳፋሪ ሲቆጣ፣ ወንበሩ ተይዟል ይላል። በዳንግላ ሰው ዘንድ እንደ ቀልድ ተለመደ፤ ከቀልዱ በኋላ ግን በዚያ በር የሚገባ አልተገኘም።

መንገዱ ላይ አውቶቡስ ሲበዛ ሙሄ ወደ ጨርቁ ተመለሰ፤ መኪናዋንም ለቢሻው ተወለት። ቢሻው ብቻውን ሲነዳ ማውራት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ያ ወሬ የማይወድ ሰው ስለ ፍሬን፣ ስለ ዝናቡ፣ ልጅ ስላለመውለዱ ያወራል። በአማርኛ ይጀምርና ወደ አውኝ ይዞራል፤ የሚሰማው ሁለቱንም እንደማያውቅ እያወቀ። አንድ ቀን ዘንገና መታጠፊያ ላይ በገዛ እግሩ ፍሬን ይዞ አቆመና የኋላ ቀኙን በር ከፍቶ ጠበቀ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ነፋስ አልነበረም። ብዙ ቆየ። ማንም አልወረደም።

ቢሻውም ጋቢውን አስተካክሎ በሩን ዘጋና፣ ወደ ዳንግላ ነዳ።