አንቺ ለመባል

የዶክትሬት አማካሪዬ በዕድሜ አሥር ዓመት ታንሰኛለች። የነርሲንግ ተማሪ ሳለች በሆስፒታል የዎርድ ኃላፊዋ ነበርኩ፤ መርፌ አያያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። እሷ ትምህርቷን ቀጥላ ዶክተር ሆነች፣ እኔ በአርባ ስምንት ዓመቴ እሷው ዘንድ ተማሪ ሆኜ ገባሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ሁለታችንን ተማሪዎቿን አንድ ላይ ታገኘን ነበር። ሌላዋ ተማሪ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። ማኪያቶው ሳይመጣ የልጅቷ ረቂቅ ይወጣል፤ ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሞነጫጭሯል።

«አንቺ፣ ስንቴ ልንገርሽ? ጥያቄሽ የታለ?»

ልጅቷ አንገቷን ትደፋለች። አማካሪዬ ወደ እኔ ስትዞር ድምጿ ይለሰልሳል። «የእርስዎ ጥሩ ነው፣ ሲስተር። ይቀጥሉ።» የእኔ ወረቀት ንጹሕ እንደሆነ ይመለሳል።

መጀመሪያ ኮርቼ ነበር። ቆይቶ ግን ቀናሁ፤ አዎ፣ በቀይ ቀለም ቀናሁ። ልጅቷ «ገደለችኝ እኮ» እያለች ስታማርር ውስጤ እርር ይላል። አንድ ቀን እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ረቂቋን ገልጬ በዳር በዳሩ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። የእኔን እንዲህ አድርጎ ያነበበልኝ ሰው የለም። ያን ቀን በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ቤቴ ስሄድ ሰላም ያለኝን ሁሉ ሳልመልስ አለፍኩ።

ልጅቷ ፕሮፖዛሏን መምህራን ፊት አቅርባ አለፈች። የጠየቋትን ሁሉ አማካሪያችን ቀድማ ጠይቃት ነበር። የእኔ ተራ ሁለት ሳምንት ቀረው፤ ከወደቅኩ የትምህርት ፈቃዴ ያበቃል፣ ዶክትሬቱም እዚያው ይቀራል።

በቀጣዩ ሐሙስ ብቻችንን ስንሆን፣ «ዶክተር፣ እኔንስ መቼ ነው የሚቆጡኝ?» አልኳት።

ደነገጠች። «እርስዎን እንዴት ብዬ እቆጣለሁ? እጄ ሲንቀጠቀጥ የያዙልኝ እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ያኔ ስታጠፊ ዝም ብዬሽ ነበር?»

አንቺ ማለቴ የገባኝ እሷ ስትስቅ ነው። «በሽተኛው ፊት ነበር የጮሁብኝ» አለችና፣ ንጹሕ እንደሆነ ልትሰጠኝ ያወጣችውን ረቂቄን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ማክሰኞ ቢሮዋ ሄጄ ረቂቄን ተቀበልኩ። ደረጃው ላይ ቆሜ ገለጥኩት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቀይ ነው፣ ከአናቱ ላይ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ፦ «ድገሚው።»

ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረኝም፤ ሊያስለቅሰኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀዩን ከልጅቷ ቀይ ጋር በልቤ አስተያየሁት። የእኔ ይበልጣል።