ለዜሮ ነጥብ የደረስኩት ለቅሶ

ከናዝሬት የወጣሁበት ምሽት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። እናቴም እዚያው ነበረች። ልሸኝህ ብላ ብትቀር ሊቀመንበሩ የት ሄደች ብሎ ይጠይቃል፤ ስለዚህ እኔ ወደ ባቡር ጣቢያ ስሄድ እሷ እጇን አንስታ መፈክር ታሰማ ነበር። ከቤት ስትወጣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "ደብዳቤ አልፈልግም፤ ደብዳቤ ማንም ይጽፋል። ድምፅህን ሳልሰማ ደርሷል ብዬ አላምንም" አለችኝ። እሺ አልኳት። በሰፈራችን ስልክ ያለው ጋሽ ሰይድ ሱቅ ብቻ ነበር። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥቶ ናዝሬት የከረመ ነጋዴ ነው፤ ወሬ አያወጣም።

መንገዱን አላስረዝምባችሁም። በዚያ ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያላለፋችሁም አይድረስባችሁ። እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ ጅቡቲ ወረቀት ጥበቃ። በመጨረሻ አንድ የሰሜን አውሮፓ አገር ተቀበለኝ። ስሙን የማልጠቅሰው በኋላ ለማነሳት ዘፋኝ ብዬ ነው፤ የደረሰባት ይበቃታል።

"ሥራህ ምን ነበር?" አለኝ የኢሚግሬሽኑ ሹም።

"አኮርዲዮን እጫወት ነበር፣ በኪነት ቡድን።"

"የማን ቡድን?"

"የቀበሌ።"

"ከማን ሸሽተህ ነው የመጣኸው?"

"ከቀበሌ።"

እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝና ማኅተሙን መታልኝ።

ሥራ ያገኘሁት ዓሣ ፋብሪካ ነው። ዝዋይ ዓሣ የምንበላው ከሐይቁ እንደወጣ፣ ተጠብሶ፣ በሚጥሚጣ ነበር፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ ስቆርጠው ውዬ ማታ ሽታው እንኳ ያስጠላኛል። ያከራየችኝ ኢንገር የምትባል ጡረታ የወጣች የመዝሙር አስተማሪ ናት። ስልኳ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፤ ቁጥር ማዞሪያው ላይ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥላለች።

"ስልኩ ተበላሽቷል?" አልኳት።

"አልተበላሸም። ተቆልፏል።"

"ለምን?"

"ተከራይ ስላለ።"

"እናቴ ጋ አንዴ ብቻ ልደውል።"

"እናትህ የት ናት?"

"ናዝሬት።"

"እንግዲያው ደብዳቤ ጻፍላት" አለችና ወደ ማእድ ቤት ገባች። ከፖስታ ቤት ልደውል እንዳልል የሚከፈተው እኔ ፋብሪካ ውስጥ ባለሁበት ሰዓት ነው፤ እሑድ ደግሞ ጭራሽ ዝግ ነው። በጋው አልቆ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱም ወጣ። እናቴ ሞቷል ብላ ይሆን እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

በጸደይ የአውሮፓ አገሮች አንድ አንድ ዘፈን ልከው በቴሌቪዥን የሚወዳደሩበት ቀን ደረሰ። የዚያ ዓመት የአገሩን ዘፈን የምትዘፍነው ልጅ ኢንገር በልጅነቷ ያስተማረቻት ሆና ተገኘች። ቤቱ በጎረቤት ተሞላ፣ ወረቀት ባንዲራ ታደለ፣ እኔም ተጠራሁና ከሶፋው ጥግ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ስትዘፍን ኢንገር በከንፈሯ አብራ ትል ነበር። ለእኔ ጆሮ ዘፈኑ ደህና ነው፤ አኮርዲዮን ቢገባበት የበለጠ ያምርበት ነበር።

ከዚያ ነጥብ መስጠት ተጀመረ። አንዱ አገር ሰጠ፣ ለእኛ የለም። ሌላው ሰጠ፣ የለም። ሁሉም ሰጥተው ሲያበቁ ከልጅቱ አገር ስም ፊት ዜሮ ተገትሮ ቀረ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም። ናዝሬት፣ መቂ፣ ዓለም ጤናና ዝዋይ በኪነት ሲወዳደሩ ዜሮ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዳኛው አብዮቱን ዜሮ ሰጠው እንዳይባል ለሁሉም ያድል ነበር። ፍርሃትም አንዳንዴ ደግ ያደርጋል።

የገረመኝ ግን ጎረቤቶቹ ናቸው። ካፖርታቸውን አንስተው፣ ኢንገርን ቀና ብለው ሳያዩ፣ አንድ በአንድ ወጡ። እኛ ዘንድ ሰው ሲመታ ቤቱ ይሞላል፤ እነሱ ዘንድ ባዶ ይቀራል። በማግስቱ መጋረጃው አልተከፈተም፣ የደረሰም ሰው የለም። ስልኩን ብትቆልፍብኝም ቤቷ ነው የምኖረው፣ አንጀቴ አልቻለም። ስንዴና ባቄላ ቀቅዬ ንፍሮ አደረግኩ፣ ጥቁር ሹራቤን ለበስኩ፣ ሳሎን ገብቼ "እግዜር ያጽናዎት" አልኩና ራሴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

"ማን ሞተ?" አለች ደንግጣ።

"የሞተ የለም። ለልጅቱ ነው የመጣሁት።"

"እና ለምን ዝም ትላለህ?"

"መጀመሪያ ዝም ይባላል። ከዚያ እርስዎ ስለ እሷ ያወሩልኛል።"

ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። አንድ ባቄላ አንስታ አኘከች። ከዚያ ማውራት ጀመረች፤ ልጅቱ በስምንት ዓመቷ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ስር ገብታ ካልሆነ አልዘፍንም ትል እንደነበር፣ ትላንት መድረክ ላይ ቆማ ስታያት እንዴት እንደኮራች። ስትጨርስ አለቀሰች። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ እውነቱን ለመናገር የእኔ ለዘፈኑ አልነበረም።

"አንተ ስትወጣ እናትህ ጋ ማን ተቀመጠ?" አለችኝ።

"ማንም። መሄዴን ከተናገረች ትታሰራለች።"

ተነስታ ቁልፉን ፈታችው።

መስመሩ እስኪገናኝ ብዙ ጠበቅን። ጋሽ ሰይድ ድምፄን እንዳወቀ ጮክ ብሎ፣ "እትዬ አሰለፈችን ጥሯቸው፣ እህታቸው ከሻሸመኔ ደውለዋል በሏቸው" አለ። ወዲያው ዝቅ አድርጎ፣ "ሊቀመንበሩ እዚሁ ሲጋራ እየገዛ ነው። እህት ነህ" አለኝ።

እናቴ እያለከለከች መጣች። "እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ?"

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ። ጤና ነሽ? ቤቱ ደህና ነው?"

"ደርሻለሁ፤ ቤትም ሥራም አለኝ።"

"ተመስገን። ብርዱስ?"

"በረዶ ነው፣ እማዬ።"

"ድምፅሽ ጎርንኗል።"

"እያለቀስኩ ነው።"

"ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪበት።" ከኋላዋ የወንድ ድምፅ ተሰማ። "ሊቀመንበራችን ሰላም በይልኝ እያሉ ነው" አለች።

"ሰላም በይልኝ" አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"እንጃ።"

"ግድ የለም፣ ሲመችሽ። በይ ደህና ሁኚ፣ እህቴ።"

ድምፄን ሰማች። እኔ ግን ልጄ ስትለኝ ሳልሰማ ስልኩ ተዘጋ።