የድራማው መርዶ ቢቸና ሲገባ

ዛሬ ማለዳ አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ላይ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው አየሁ። መርዶ ይዘው እንደመጡ ገባኝ።

እትዬ በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው እዚያው ደጃፉ ላይ ዘጭ አሉ። "ሞጣ ነው አይደል? ወንድሜ ነው?" ሞጣ የሚኖሩት ወንድማቸው ታመው ሰንብተዋል።

"ኧረ እሳቸው ደህና ናቸው" አሉ ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "የመጣነው ለቲቪው የፈረንጅ ድራማ ነው። ያ የመስፍኑ ልጅ ጦርነቱ ላይ ወደቀ።"

ለካ ትናንት የእኛ ግቢ መብራት ስለጠፋ እትዬ ድራማውን አላዩም። ሰፈሩ ደግሞ ያንን የፈረንጅ ልጅ እንዴት እንደሚወዱት ያውቃል። ገበያ መሀል ድንገት ከሚሰሙት በወጉ እናርዳቸው ተብሎ፣ ተመክሮበት ነው የተመጣው።

(እኔ መምህሩ ሳቄን ለማፈን ጋቢዬን ነክሻለሁ።)

እትዬ ብድግ ብለው የስድብ መዓት አወረዱባቸው። "ለቲቪ ሰው ብላችሁ እኔን ልትገድሉኝ ነው?"

ሲበርድላቸው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። "እናቱንስ ማን አረዳት?"

"ማንም። ቁርስ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለች የመርዶ ወረቀት ሰጧት" አሉ ጋሽ ሞላ።

"ወረቀት? ያ ሁሉ አሽከር በሚተራመስበት ቤት፣ አንድ ሰው ጠፍቶ?"

ይህን ብለው ገቡና እሳቸውም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። አግዳሚው ተደረደረ፤ ጎረቤቱ ተቀመጠ።

እናንተስ በድራማ ለሞተ ሰው ለቅሶ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እስኪ አጫውቱኝ። እኔ ንፍሮው ስለደረሰ ልነሳ።